ስለ ታዳጊዎች ውፍረት፣ ስለ ለስላሳ መጠጥ ታክስና ስለ ሞዴል ያላችሁን ጠይቁኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ስራዬ የጤና ፖሊሲ ሞዴል መስራት ነው፣ የምኖረው አሜሪካ ነው፣ ዛሬ ማታ ልጆቹ ተኝተውልኛል የቻልኩትን እመልሳለሁ

ጥያቄ፦ ሞዴል ስትል ትንቢት ነው?

ኧረ አይደለም። ኮምፒውተር ላይ የአገሩን ህዝብ የሚመስሉ ልጆች ትፈጥራለህ፣ እድሜ ፆታ ክብደት የቤተሰብ ገቢ ትሰጣቸዋለህ፣ ከዛ በየዓመቱ ታሳድጋቸዋለህ፣ አንዴ ምንም ሳትነካ አንዴ ደሞ ፖሊሲውን ጨምረህ። የምናየው ልዩነቱን ነው።

ጥያቄ፦ እና ከፖሊሲዎቹ የቱ ያሸንፋል?

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ቾይስስ የሚባል የጥናት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2015 ለአሜሪካ ባሰላው፣ በ10 ዓመት ውስጥ የለስላሳ ታክስ 576,000 ገደማ ልጆችን ከውፍረት ያድናል፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ከምሳ ውጪ ለሚሸጠው ነገር ደረጃ ማውጣት 345,000 ገደማ፣ ሁለቱም ከሚያስወጡት የሚያተርፉት ይበልጣል። ውፍረት ለመቀነስ ለታዳጊዎች የሚሰራው የሆድ ቀዶ ጥገና ግን በአገር ደረጃ ቁጥሩን ብዙም አላነቃነቀውም። ለተሰራለት ልጅ በደንብ ይጠቅማል፣ ግን የሚደርሰው ለስንቱ ነው? እኔ ሁሌ የምጨቃጨቀው እዚህ ላይ ነው፣ ሁሉም ጋ የሚደርስ ትንሽ ለውጥ ጥቂቶች ጋ ከሚደርስ ትልቅ ህክምና ይበልጣል።

ጥያቄ፦ እኔ ሱቅ አለኝ ወንድሜ፣ ቢወደድም ይገዙታል እኮ

ከባንኮኒው ጀርባ እንደዛ ሊመስል ይችላል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ለስላሳ ላይ በሊትር 1 ፔሶ ታክስ ስትጨምር ግዢው በመጀመሪያው ዓመት 5.5% በሁለተኛው 9.7% ወረደ። እንግሊዝ ደሞ ብልጥ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ታክሱን በስኳሩ መጠን አደረገችው፣ ሲጀመር በ100 ሚሊ ከ5 ግራም በታች ከሆነ ምንም አይከፈልም ነበር፣ ከ8 ጀምሮ በሊትር 24 ፔንስ ነበር፣ ስለዚህ ካምፓኒዎቹ ታክሱ ሳይጀምር በፊት ራሳቸው ስኳሩን ቀነሱት። ልጁ ያንኑ ጠርሙስ እየገዛም ስኳሩ ቀነሰለት ማለት ነው፣ ዋጋን ብቻ የሚያይ ሞዴል ይሄ ያመልጠዋል። በኋላ ሲጠና የ10 እና 11 ዓመት ሴቶች ላይ ውፍረት ከሚጠበቀው በ8% አንሶ ተገኘ፣ በተለይ ድሃ ሰፈር፣ ወንዶቹ ላይ ግን ለውጥ አልታየም።

ጥያቄ፦ በቀን 100 ካሎሪ ብቀንስ በዓመት 10 ፓውንድ እቀንሳለሁ የሚባለውስ?

ያረጀ ሂሳብ ነው። ሰውነት ሲቀንስ የሚያቃጥለውም ይቀንሳል፣ ለአዋቂ በመጀመሪያው ዓመት ግማሹ ነው የሚመጣው፣ ቀሪው ዓመታት ይፈጃል። ታዳጊ ደሞ ገና እያደገ ስለሆነ ሂሳቡ ሌላ ነው። የድሮ ሞዴሎች ያጋነኑት በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቷ ነው ዲያት ላስጀምራት?

እህቴ እሱን ለሀኪሟ። የታዳጊ ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር ተሰልቶ የሚወጣው ቁጥር) እንደ እኛ አይነበብም፣ ከእድሜዋና ከፆታዋ እኩዮች ጋር ነው የሚለካው፣ 95ኛው ፐርሰንታይል (ከ100 እኩዮች 95ቱን የሚበልጥ ደረጃ) ላይ ወይም በላይ ስትሆን ነው ውፍረት የሚባለው። እስከዛው ወፍራም እያላችሁ አትጥሯት።

ጥያቄ፦ ይሄን ሞዴል ለኢትዮጵያ መጠቀም ይቻላል?

እንዳለ ገልብጦ? አይሆንም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለስላሳን ይነካል ጥሩ ነው፣ ግን አንድ አገር ውስጥ ከተማ የሚወፍር ልጅና ገጠር የቀነጨረ ልጅ አብረው ስላሉ ሞዴሉ ሁለቱንም መያዝ አለበት፣ የዋጋ ምላሹም እዛው ካለ ሸማች ተለክቶ መግባት አለበት እንጂ ከሜክሲኮ ተዋሶ አይደለም።