ጣሪያ የሌለው ብሪጅ፦ ለወጣት ባሕረኞች

ይድረስ የባሕርን ሥራ ለመረጣችሁ ልጆቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ዓመት ቶሮንቶ ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ፣ የልጅ ልጄን ይዤ ሃሚልተን ወደብ ላይ ለጎብኚ ክፍት የሆነውን ሃይዳ የተባለ የጦር መርከብ ለማየት ወረድን። ሃይዳ እ.ኤ.አ. በ1943 ከካናዳ ባሕር ኃይል ጋር አገልግሎት የጀመረ ዲስትሮየር፣ ማለትም ፈጣን አጃቢ የጦር መርከብ ነው። ደረጃውን ወጥተን አዛዡ ከሚቆምበት፣ እኛ ባሕረኞች ብሪጅ ከምንለው ቦታ ስንደርስ፣ ልጁ ሽቅብ አየና «አያቴ፣ ጣሪያው የታለ?» አለኝ።

ጣሪያ የለውም። ደረት የሚደርስ የብረት ከለላ፣ ኮምፓስ፣ የድምፅ ቱቦዎች፣ ከዚያ በላይ ሰማይ ብቻ ነው። ይህ መርከብ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሰሜናዊ ወደቦች የሚጓዙ የጭነት መርከቦችን ሲያጅብ በአርክቲክ ባሕር ላይ የከረመ ነው። የሚረጨው ውሃ ብረቱ ላይ በረዶ ሆኖ የሚጋገርበት ባሕር ነው።

«ታዲያ ለምን አልሸፈኑትም? አላወቁም?» አለኝ። ለእርሱ የመለስሁትን ለእናንተም ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ግር የሚል አሮጌ አሠራር ሲያጋጥማችሁ «እነዚህ ሰዎች አላወቁም» ከማለታችሁ በፊት ብርዱን የሚጠጣው ማን እንደነበር ጠይቁ። እዚያ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጥ የነበረው አዛዡ ራሱ ነው። ጣሪያ የመጠየቅ ሥልጣንም ምክንያትም ነበረው። ቢሆንም በእንግሊዝና በእርሷ ንድፍ በሚሠሩ ባሕር ኃይሎች ውስጥ ብዙዎቹ አዛዦች ክፍቱን ብሪጅ አጥብቀው ይፈልጉት ነበር።

አንደኛው ነገር ሌሊት ነው። ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ የክብሪት ብልጭታ ደግሞ ያንን ሁሉ ባንዴ ያጠፋዋል። ከመስታወት ኋላ ከቆማችሁ ትንሿ የኮምፓስ መብራት እንኳ መስታወቱ ላይ ታንጸባርቃለች፤ ባሕሩን ልታዩ ስትሞክሩ የራሳችሁን ፊት ታያላችሁ። ከውጭ ጨው ይደርቅበታል፣ ከውስጥ የሰው ትንፋሽ ያጨፍገዋል። ራዳር በየመርከቡ ሳይገባ በፊት፣ በሌሊት ውሃ ላይ ወጥቶ የሚመጣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ለጠባቂው የሚታየው እንደ ትንሽ ጥቁር ጉብታ ነበር። ያችን ጉብታ ማየትና አለማየት የመርከቡ ሰው ሁሉ ሕይወት ነው።

ሁለተኛው ከላይ የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1941 በቀርጤስ ደሴት ዙሪያ ሽቱካ የሚባሉት ቁልቁል ተወርውረው ቦምብ የሚጥሉ የጀርመን አውሮፕላኖች በእንግሊዝ መርከቦች ላይ ሲወርዱ፣ አዛዡ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ አውሮፕላኑን በዓይኑ ይከተላል። መቼ አፍንጫውን እንደሚደፋ፣ ቦምቡ መቼ እንደሚለቀቅ ያያል፤ በዚያች ቅጽበት መርከቡን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያስጥላል። በጣሪያ ውስጥ ሆኖ ይህን ማድረግ አይቻልም። መሪ ጨባጩ ግን አንድ ፎቅ ከታች፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። ሰማዩን አያይም፣ ቦምቡን አያይም፤ በቱቦ የሚወርደውን ድምፅ ሰምቶ መሪውን ያዞራል። ሃይዳ ላይ ያንን ክፍል ሳይ ብዙ ቆምሁ። ከላይ ያለው ሰው ሜዳ ላይ የቆመው ከታች ያለው እንዲያምነው ጭምር ይመስለኛል።

ይህ የእንግሊዞች ግትርነት ብቻ ነው የሚል ካለ አሜሪካኖችን ይመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ሥራ የገቡትና 175 የተሠሩት ፍሌቸር የተባሉት ዲስትሮየሮች መጀመሪያ ላይ የተዘጋ ብሪጅ ነበራቸው። አዛዡ ከግራ ወደ ቀኝ ለመሻገር በክፍሉ ውስጥ ማለፍ ግድ ሆነበት፤ አውሮፕላን ሲመጣ ይህ የሚያዋጣ አልነበረም። በኋላ የተሠሩት ላይ ከፊት ለፊት ዙሪያውን ክፍት መመላለሻ ተጨመረ። በጦርነት መሀል፣ ጣሪያ የነበራቸው ወደ ንፋሱ ወጡ ማለት ነው።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። ኮርቬት በሚባሉት ትንንሽ አጃቢ የጦር መርከቦች በአትላንቲክ ላይ ያገለገሉ ሰዎች ከዋርድያ ሲወርዱ ልብሳቸው የረጠበ፣ ጣታቸው የደነዘዘ፣ በድካም ማሰብ የተሳናቸው ነበሩ። የደከመ ዓይን ደግሞ ክፍት ሰማይ ሥር ቢሆንም አያይም። መሐንዲሶች ንፋሱን ወደ ላይ የሚያስት ከለላ ሠሩላቸው፤ ረድቷል፣ ግን ብርዱን አላስቀረውም።

ከጦርነቱ በኋላ ምክንያቶቹ አንድ በአንድ ተለወጡ። ራዳር የዓይንን ሥራ ወሰደ፤ አዛዡም ውጊያውን የሚመራው ከመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ካርታና ስክሪን ካለበት ክፍል ሆነ። የጄት አውሮፕላን በዓይን ተከትሎ የሚመለጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1946 ደግሞ አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች ከውሃ በታች ያፈነዳችው አቶሚክ ቦምብ መርከቦቹን በተመረዘ ውሃ አጠባቸው፤ ብዙዎቹን ማጽዳት አልተቻለም። ከዚያ ወዲያ መርከብ መዘጋት ነበረበት። ለንደን ያላችሁ ቴምዝ ወንዝ ላይ የቆመውን ቤልፋስት የተባለ የጦር መርከብ ሄዳችሁ እዩት፤ በጦርነቱ ክፍት የነበረው ብሪጁ እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1959 በተደረገለት እድሳት ተሸፈነ። ትክክል ነበር።

እኔ ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ሠልጥኜ፣ በኋላ ብዙ ዓመት በጭነት መርከቦች የሠራሁ ሰው ነኝ። በወጣትነቴ አንድ ሌሊት ቀይ ባሕር ላይ ዋርድያው የእኔ ነበር። ወበቁ ከባድ ስለነበር በሩን ዘግቼ ከውስጥ ቆምሁ፤ ራዳሩ ላይ ምንም አልነበረም። ሳምቡክ የሚባለው የእንጨት ጀልባ በራዳር ላይ ደካማ ምልክት እንደሚሰጥ ተምሬ ነበር፤ ግን አላሰብሁትም። ውጭ የቆመው አንጋፋ መርከበኛ በሩን በርግዶ «ሰው ይጮኻል!» አለ። መሪውን እስከ ጥግ አስዞርሁ። መብራት የሌለው ሳምቡክ፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት በጎናችን አለፈ። ፊታቸውን አየሁ፤ አንዱ ልጅ ነበር። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ እስከ ዛሬም ይሰማኛል።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በ5ኛው አንቀጹ፣ ጥበቃ በማየትም በመስማትም ይሁን ይላል። ብሪጃቸው ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ዘመናዊ መርከቦችም የውጭውን ድምፅ በማይክሮፎን ወደ ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ እንዲኖራቸው ይገደዳሉ። መስታወቱ ያስቀረውን ድምፅ በሽቦ መልሰን እናስገባዋለን።

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ ሞተር ክፍል የምትገቡትም እንዲሁ ናችሁ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው፤ በስክሪኑም ብዙ ይታያል። ነገር ግን የፓምፕ መንቀጥቀጥ ሲለወጥ፣ ዘይት ሲሸት፣ መጀመሪያ የሚያውቀው ወርዶ የዞረ ሰው ነው።

ወደ መርከብ ስትሄዱ ንፋስ የማያስገባ ካፖርት ግዙ፤ ቆቡ ጆሮ የማይሸፍን ይሁን። ሌሊት ዋርድያ ስትረከቡ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ አትቸኩሉ። ከዚያ በጎን ያለውን በር ከፍታችሁ ውጡና ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላችሁ ቁሙ።