ስትራይኩ በዝቶ ነጥቡ ለምን ያንሳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቦውሊንግ

በዚህ እትም ያስተናገድናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከጎጃም የመጡ ናቸው። መስቀል አልፎ የሊግ ወቅት ሊከፈት ስለሆነ አብዛኞቹ ስለ ነጥብና ስለ ደንብ ይጠይቃሉ፤ የእንጨትና የመንገድ ጥያቄም አልታጣም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዳንግላ ባሕር ዳር እየተመላለስኩ በአማተር ሊግ እጫወታለሁ። ያለፈውን ዓመት የጨረስኩት በ118 አማካይ ነው። በየጨዋታው ሁለት ሦስት ስትራይክ (አሥሩንም ፒን፣ ማለትም የሚመቱትን እንጨቶች፣ በመጀመሪያው ኳስ መጣል) አላጣም። ከእኔ ያነሰ ስትራይክ የሚያገኘው የቡድን ጓደኛዬ ግን ከ150 አይወርድም። የራሴን የሚታጠፍ ኳስ ብገዛ ይሻለኛል?

መልስ፦ ለዚህ ዓመት ይቆይዎት። ወደ ኋላ የያዘዎት ስፔር (ከመጀመሪያው ኳስ የተረፉትን ፒኖች በሁለተኛው ጠርጎ ማንሳት) ነው።

ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። አንድ ተጫዋች ሦስት ስትራይክ አገኘ እንበል፤ ተከታትለው የመጡ አይደሉም፣ አንዱም አሥረኛው ፍሬም (የጨዋታው የመጨረሻ ዙር) ላይ አልዋለም። በቀሩት ሰባት ፍሬሞች ሰባት ሰባት ፒን ጥሎ ሦስት ሦስቱን እንደቆሙ ትቷቸዋል። ለስትራይክ በቀጣዮቹ ሁለት ኳሶች የወደቀው ስለሚደመርለት እያንዳንዱ 17 ይሆናል፤ ሦስቱ 51። ሰባቱ ክፍት ፍሬሞች 49። ድምሩ 100 ነው። ሌላው ደግሞ አንድም ስትራይክ የለውም፤ በየፍሬሙ በመጀመሪያው ኳስ ዘጠኝ ይጥላል፣ በሁለተኛው የቀረችውን ያነሳል። ለስፔር የቀጣዩ አንድ ኳስ ውጤት ስለሚደመር እያንዳንዱ ፍሬም 19፣ ጨዋታው 190 ይሆናል። ይኸው ሰው እነዚያን አሥር ፒኖች ቢስታቸው ኖሮ 90 ላይ ይቀር ነበር። አሥር ፒን ብቻ መቶ ነጥብ አመጣ ማለት ነው፤ አሥሩ የራሳቸው፣ ዘጠናው ጉርሻ።

አንዲት የቆመች ፒን ከሩቅ ቀጭን ትመስላለች እንጂ ዒላማዋ ሰፊ ነው። የፒኗ ወገብ 12 ሳንቲ ሜትር፣ የኳሱ ስፋት 21.6 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ የኳሱ መሃል ከፒኗ መሃል በግራም በቀኝም 16 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቢዛነፍ እንኳ ያገኛታል፤ 33 ሳንቲ ሜትር የሚሆን በር አለዎት። በሩ የሚጠበው ጥግ ላይ ላሉት ለ7 እና ለ10 ቁጥር ነው (ፒኖቹ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጠራሉ)፤ ከሌኑ (ኳሱ ከሚንከባለልበት መንገድ) ጠርዝ የሚርቁት 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከዚያ ያለፈ ኳስ ቦይ ይገባል።

አቋቋሙ እንዲህ ነው። ሌኑ 39 ጣውላ አለው፣ አንዱ 2.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ቀኝ እጅ ተጫዋች ከሆኑ ለስትራይክ የሚቆሙበትን ጣውላ ይያዙ፣ ሌኑ ላይ ከተሳሉት የሚያዩትን ቀስት አይቀይሩ፣ የሚቀይሩት እግርዎን ብቻ ነው። 2 ቁጥር ብቻዋን ከቀረች ሦስት ጣውላ ወደ ቀኝ፣ 4 ቁጥር ከሆነች ስድስት፣ 7 ቁጥር ከሆነች ዘጠኝ። በቀኝ በኩል ለቀሩት ደግሞ ወደ ግራ ይሄዳሉ፤ ለ3 ሦስት፣ ለ6 ስድስት። ግራ እጅ ተጫዋቾች ሁሉንም ይገልብጡት። 10 ቁጥር ግን ከዚህ ሒሳብ ትወጣለች፦ ወደ ግራ ጠርዝ ጠጋ ብለው ይቁሙ፣ መሃለኛውን ቀስት ያነጣጥሩ፣ ኳሱ ሌኑን አቋርጦ ይሂድ።

ይህን ሁሉ አውቆ የሚስት ብዙ ነው። ዋናው ምክንያት ለስፔርም የሚታጠፍ ኳስ መልቀቅ ነው። ሌኑ ላይ የሚቀባው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 12 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ስድስት ሜትር ደረቅ ስለሆነ ኳሱ የሚታጠፈው እዚያ ነው። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ኳሶቹ ዘይቱን እየጠረጉት መጀመሪያ ላይ በትክክል የሄደው ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ቀድሞ ይታጠፋል። ቀጥ ያለ ኳስ ይህ ብዙም አይነካውም። ስለዚህ አውራ ጣትዎን በሰዓት ገጽ ላይ 12 ቁጥር ባለበት አቅጣጫ፣ መዳፍዎን ከኳሱ ኋላ አድርገው ሳያዞሩ ይልቀቁ፤ ከተገኘም ጠንካራውን የፕላስቲክ ኳስ ይጠቀሙ። ሌላው ስህተት ፒኗን እያዩ መልቀቅ ነው። ፒኗ 18 ሜትር ትርቃለች፣ ቀስቶቹ ግን አራት ሜትር ተኩል ላይ ናቸው። ቅርቡን የሳተ ሩቁን አያገኝም።

ከውድድር በፊት በሚሰጠው ማሟሟቂያ ሁሉም ሰው ስትራይክ ሲያሳድድ ያልቃል። እርስዎ የመጨረሻዎቹን አራት ኳሶች ለጥግ ያስቀሩ፤ አሥሩም ፒን ቆሞ ሳለ 7ን ብቻ፣ ቀጥሎ 10ን ብቻ ለመንካት ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ሁለት ሌን ባለው መዝናኛ የምንጫወት ስድስት ቡድኖች ነን፤ በየቡድኑ አራት ሰው አለ። አምና ጠንካራው ቡድን ሁሉን ጠራርጎ ሦስት ቡድን በመሃል ጥሎ ወጣ። ሃንዲካፕ (አቅሙ ዝቅ ላለ ተጫዋች የሚደመር ነጥብ) እንጀምር ብለናል። እንዴት ይሰላል? አቅሙን ደብቆ የሚመጣውንስ ምን እናድርገው?

መልስ፦ በስፋት የሚሠራበት ስሌት ከ200 ላይ የተጫዋቹን አማካይ ቀንሶ የልዩነቱን 90 በመቶ መስጠት ነው። አማካዩ 128 ለሆነ ሰው ልዩነቱ 72፣ ዘጠና በመቶው 64.8 ነው፤ ክፍልፋዩ ይጣልና በየጨዋታው 64 ይደመርለታል። አማካዩ 171 የሆነው 26 ያገኛል። በመካከላቸው የነበረው የ43 ፒን ልዩነት ወደ 5 ወረደ ማለት ነው፤ ጎበዙ አሁንም ትንሽ ይቀድማል፣ መቅደምም አለበት። መቶ በመቶ ስጡ የሚሉ አሉ፤ እኛ አንመክርም፣ ልምምድ ዋጋ ያጣልና። ከ200 በላይ አማካይ ያለው ሰው ካላችሁ መነሻውን 220 አድርጉት፤ ያለዚያ ከ200 በላይ ያለው ብልጫው በስሌቱ ሳይያዝ ያልፋል።

አማካይ ማለት የጣላቸው ፒኖች በሙሉ ለተጫወታቸው ጨዋታዎች ብዛት ተካፍሎ ነው፤ ክፍልፋይ እዚህም ይጣላል። አዲስ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ቀን ሦስት ጨዋታ ለዚያው ቀን ሃንዲካፕ ይወሰድለት፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይታደስ።

የሚደብቅ ሰው የሚታወቀው ውጤቱ ሲዋዥቅ ነው፦ ነጥቡ ቡድኑ አስቀድሞ በተሸነፈባቸው ጨዋታዎች ይወርዳል፣ በሚያጓጉት ይወጣል። ጭቅጭቅ ውስጥ ሳትገቡ በደንብ ዝጉት። አምና ከጨረሰበት አማካይ ከ10 ፒን በላይ ዝቅ ብሎ ሃንዲካፕ አይሰላለትም የሚል አንድ መስመር ይበቃል። የታመመ ወይም እጁን የተጎዳ ካለ የቡድን መሪዎች በድምፅ ይፍቱት።

የቀረ ተጫዋች አማካዩ ተይዞ 10 ይቀነስበት፣ ሃንዲካፑ ግን አይነካ። ዘግይቶ የደረሰ ቡድኑ ከደረሰበት ፍሬም ይጀምር፤ ያለፉት ፍሬሞች ተመልሰው አይጣሉም። ነጥቡን ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ፣ ለሦስቱ ድምር አንድ፣ በጠቅላላው አራት አድርጉት፤ እኩል ከወጡ ግማሽ ግማሽ። እንዲህ ሲሆን ሁለቱን ጨዋታ የተሸነፈ ቡድንም ሦስተኛውን ይታገልበታል፤ አምና ቡድኖቹን ያስወጣቸው ከጊዜ በፊት ያለቀ ጨዋታ ሳይሆን አይቀርም።

ስድስት ቡድን በደርሶ መልስ አሥር ሳምንት ይፈጅበታል። በጥቅምት መጀመሪያ ከተጀመረ ከገና በፊት ያልቃል፤ በጥምቀትና በዐቢይ ጾም መሃል የሚቆራረጥ ሊግ ሰው ይበተንበታል። ክፍያው ከመጀመሪያው ኳስ በፊት ይሰብሰብ፣ እንደ ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ ይኑረው፣ ሒሳቡም በየሳምንቱ ይነበብ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ነው። ሊሾ ወለል ያለው 20 ሜትር አዳራሽ አለን። ፒን በቶርኖ ቤት አሠርተን መለማመድ እንችላለን? ከየትኛው እንጨት?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን በትልቁ ኳስ አይሞክሩት። ሰባት ኪሎ ሊሾውን ይሰነጥቃል፣ ሊሾውም ኳሱን ያቆስላል። ዳክፒን የሚባለው የቦውሊንግ ዓይነት ይስማማችኋል፦ ኳሱ ቀዳዳ የለውም፣ በመዳፍ ይያዛል፣ ስፋቱ 12.5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በአንድ ፍሬም ሦስት ኳስ ይፈቀዳል፤ በሦስተኛው ያጸዳ አሥር ብቻ ያገኛል፣ ጉርሻ የለውም።

ፒኖቹን ከዋንዛ፣ ኳሱን ከወይራ አሠሩ። ምክንያቱ ክብደት ነው። ኳሱ ከፒኑ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ካልከበደ ፒኑን ሲነካ አቅጣጫውን ስቶ ይወጣል፣ የኋላዎቹም ሳይነኩ ይቀራሉ። በዚህ ልክ የተጠረበ የደረቀ ወይራ ኳስ ወደ አንድ ኪሎ ይደርሳል፤ ቁመቱ 24፣ ወገቡ 10.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የዋንዛ ፒን ደግሞ ከግማሽ ኪሎ በታች ነው። ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም ለፒን አይሆንም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለኳሱ እርጥብ ወይራ አትቁረጡ፤ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ምሰሶ ይሻላል። የቶርኖ ባለሙያው የግንዱን እምብርት ኳሱ ውስጥ እንዳያስገባው ንገሩት፤ ስንጥቅ የሚነሳው ከዚያ ነው። ስለዚህ ምሰሶው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው።

አሥሩንም ፒን በሚዛን አስመዝኑ። በመካከላቸው ከ20 ግራም በላይ ልዩነት ካለ ከባዱን ከግርጌው በመሰርሰሪያ ቦርቡሩት። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ ሁለት እጅ ቫርኒሽ ቀቡ፤ የክረምቱ እርጥበት ያልተቀባ እንጨት ያሳብጣል፣ ግርጌው ያበጠ ፒን ደግሞ ቀጥ ብሎ አይቆምም።

ፒን የሚቆምበትን ቦታ ለማመልከት ከኮምፖንሳቶ ሦስት ማዕዘን ቁረጡ፦ ከፒን መሃል እስከ ፒን መሃል 30.5 ሳንቲ ሜትር፣ ከረድፍ እስከ ረድፍ 26.4። ነጥቦቹን ወለሉ ላይ በቀለም አትሙ፤ ጠመኔ በአንድ ቀን ይጠፋል። ሙሉው ርቀት 18.29 ሜትር ስለሆነ አዳራሻችሁ አይበቃም። መንደርደሪያ አራት ሜትር፣ ከፒኖቹ በስተኋላ ሁለት ሜትር ተኩል ተዉና የቀረው 13 ሜትር ተኩል ለጨዋታው ይሁን። ወለሉን በውሃ ልክ ለኩ። በእውነተኛ ሌን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚፈቀደው መዛባት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በሊሾ ላይ ሦስት ካገኛችሁ አመስግኑ። ከበስተኋላ አሮጌ ምንጣፍ ወይም ድርብ ሸራ ከወለሉ ጋር ሳይወጠር አንጠልጥሉ። ጎማ አትደርድሩ፤ ፒኑን አንጥሮ ወደ ፒን አንሺው ልጅ ይመልሰዋል። ልጁም ከጎን፣ ከግንብ ወይም ከወፍራም ጣውላ ጀርባ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ከሁለተኛው ጨዋታ በኋላ አውራ ጣቴ ውሃ ይቋጥራል። ጓንት ልግዛ? (ከቡሬ)

መልስ፦ ቀዳዳው ሰፍቶብዎታል። የሰፋ ቀዳዳ ኳሱ እንዳያመልጥ ጣትን ቆልምሞ መጨበጥ ያስገድዳል፤ ውሃ የሚያስቋጥረው ያ አጨባበጥ ነው። አውራ ጣትዎ እስከ ሥሩ ገብቶ ጠርዙን እየታከከ ሳይያዝ መዞር አለበት። ከዚያ መዳፍዎን ኳሱ ላይ ዘርግተው የመሃልና የቀለበት ጣትዎን ይመልከቱ፦ የሁለተኛው መገጣጠሚያ መስመር የቀዳዳውን ቅርብ ጠርዝ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ ቢያርፍ ልኩ ነው። ኳሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ክብደቱ በፓውንድ ነው፤ 12 ማለት 5.4 ኪሎ ነው። ብዙ ሰው ለጉራ 15 እና 16 ያነሳል፣ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ክንዱ ይዝላል። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ኳስ ብቻ ከተገኘ ቀዳዳው ውስጥ የጣትዎ ጀርባ በሚያርፍበት ወገን ፕላስተር ይለጥፉ፤ ጣት እየሞቀ ሲያብጥ አንዱን ንብርብር ያንሱ። ጓንት ለዚህ መድኃኒት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቦውሊንግ ኦሎምፒክ ገብቷል ወይ? ተወራርደናል። (ከሞጣ)

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ ለትዕይንት ቀርቧል፤ ሜዳልያው ግን ከይፋዊው ቆጠራ ውጭ ነበር። ለቶኪዮ 2020 ከመጨረሻዎቹ ስምንት ዕጩዎች አንዱ ሆኖ ሳይመረጥ ቀረ። በእስያ ጨዋታዎች ግን በ1978 ገብቶ በብዙዎቹ ተካሂዷል። ውርርዱን «አልገባም» ያለው ይብላ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የራሴን ኳስ ይዤ በአባይ በረሃ በኩል ልመጣ ነው። ሙቀቱ ይጎዳዋል?

መልስ፦ ሙቀቱ ብቻውን አይደለም፤ መለዋወጡ ነው። ከጎሃ ጽዮን ብርድ ወደ አባይ ድልድይ ወርዶ ደጀን ላይ እንደገና ብርድ ማግኘት ለኳሱ ቅርፊት ፈተና ነው፤ ቅርፊቱና እምብርቱ እኩል አይሰፉም፣ እኩልም አይሸበሸቡም። በአውቶቡስ ጣራ ላይ ወይም በመኪና ኮፈን ውስጥ አያስቀምጡት። በፎጣ ጠቅልለው እግርዎ ሥር ይያዙት። ቀዳዳዎቹ ያሉበት ወገን ወደ ላይ ይሁን፤ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጣት ቀዳዳዎቹ መሃል ካለው ቀጭን ድልድይ ነው። ሲደርሱ ቤት ውስጥ ይደር እንጂ ወዲያው አይጫወቱበት። ላዩ ዘይት አውጥቶ ካገኙት ነጭ ጋዝም ቤንዚንም አያስነኩት፤ ለቁስል የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮልና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃዋል።