የድርጅት ፔጅ ሊንክ፦ ጠይቁ፣ ቋጠሮ ይመልሳል

ቋጠሮ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፔጅ ሊንክ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ብንጨርሰው ይሻላል ብዬ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ፔጅ ስትከፍቱ ፌስቡክ ጫፉ ላይ ረጅም ቁጥር የተለጠፈበት አድራሻ ይሰጣችኋል። ቁጥሩን በድርጅታችሁ ስም መተካት ይቻላል፤ በነፃ። ዩዘርኔም የሚባለው እሱ ነው። ስለ ኢንስታግራም፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ኤክስም ጠይቁ። ስለ ማስታወቂያ ዋጋና ስለ ተከታይ ማብዛት ግን አልመልስም።

ከወዲሁ አንድ ነገር፦ «ስም እናወጣላችኋለን» ለሚል ሰው የይለፍ ቃል አትስጡ። አድሚንም አታድርጉት። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ራሳችሁ ሥሩት።

ጀማሪዋ፦ የፔጁ ስምና ዩዘርኔም አንድ አይደሉም እንዴ? ስሙን ቀየርኩት፤ ሊንኩ ግን ያው ቁጥር ነው።

ቋጠሮ፦ አይደሉም። የፔጁ ስም ከላይ በትልቁ የሚታየው ነው። በአማርኛ ፊደል ይጻፋል፤ ከሌላ ፔጅ ስም ጋር ቢመሳሰልም ይሠራል። ዩዘርኔም ግን ሊንኩ ውስጥ የሚገባው ስለሆነ አንድ ሰው ከያዘው ሌላው አያገኘውም። ፌስቡክ ላይ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ነጥብ ብቻ ነው የሚቀበለው። ቢያንስ 5፣ ቢበዛ 50 ሆሄ። መጀመሪያ ከግል አካውንትሽ ወደ ፔጁ ተሻገሪ፤ ከዚያ ቅንብር ውስጥ ገብተሽ ዩዘርኔም የሚለውን ፈልጊ። ሜኑውን ነጋ ጠባ ስለሚያዘዋውሩት እዚህ ጋ ነው ብዬ አልምልም። ቅንብሩ ላይ ያለው መፈለጊያ ያወጣልሻል። ሳትሻገሪ ከቀየርሽ የራስሽን የግል ሊንክ ነው የምትቀይሪው፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል።

ብርሌ፦ ፔጄን ገና ትናንት ነው የከፈትኩት። ዩዘርኔም አልፈቅድም አለኝ። 25 ተከታይ ያስፈልጋል ይላሉ፤ እውነት ነው?

ቋጠሮ፦ ያ የድሮ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዩዘርኔም ሲጀመር ለፔጅ 1000 ተከታይ ይጠየቅ ነበር። ኋላ ላይ ወደ 100፣ ከዚያም ወደ 25 ወረደ። አሁን የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ አዲስ ለተከፈተ ፔጅ ወዲያው ላይፈቀድ ይችላል። ፎቶ አስገባበት፣ መረጃውን ሙላ፣ ጥቂት ነገር ለጥፍበት፣ ቆይተህ ሞክር።

ቀለሜ፦ የድርጅታችን ስም ውስጥ «ቀ»ም «ጸ»ም አለ። በላቲን ስንጽፈው አንዱ በኬ፣ አንዱ በኪው ይጽፋል። የትኛው ነው ትክክል?

ቋጠሮ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ትክክሉን አትፈልጉ። ደንበኛ እንዴት እንደሚጽፈው ነው መፈለግ ያለባችሁ። ስሙን ለማያውቁት ሰዎች በስልክ ንገሯቸውና መፈለጊያ ላይ ጻፉት በሏቸው። እናንተ አታርሟቸው። አብዛኛው ሰው በኬ ከጻፈው በኬ ያዙት፤ የቋንቋ ምሁር ቢቆጣም ይቆጣ። የሚደጋገም ፊደልና ጭረት የሚፈልግ ድምፅ ካለ በቀላሉ ጻፉት፤ ጭረቱን ሲስተሙ አይቀበለውም።

ሁለተኛው ነገር ርዝመት ነው። ኤክስ ከ15 ሆሄ በላይ አይቀበልም። ቲክቶክ 24፣ ኢንስታግራምና ዩቲዩብ 30፣ ቴሌግራም 32፣ ፌስቡክ 50። ከታች ደግሞ ፌስቡክና ቴሌግራም ከ5 በታች አይፈቅዱም። ስለዚህ ከ5 እስከ 15 ባለው ውስጥ ከገባችሁ ሁሉም ጋ አንድ ስም ይኖራችኋል። ምልክት ደግሞ ጭራሽ አታስገቡ። ፌስቡክ ነጥብ ይወዳል፣ የታች ሰረዝ አይቀበልም። ኤክስና ቴሌግራም የታች ሰረዝ ይቀበላሉ፣ ነጥብ አይቀበሉም። ሁሉም የሚስማሙበት ምልክት የለም። በቁጥርም አትጀምሩ፤ ቴሌግራም አይቀበልም። ንጹህ ፊደል፣ አጭር፣ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት። ፌስቡክ ላይ ከመያዛችሁ በፊት ስድስቱም ጋ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ በአንድ ቁጭታ ሁሉንም ያዙት።

ጀማሪዋ፦ ነጥብ ካልኸው አይቀር፣ የኛን ስም ሌላ ሰው ነጥብ ጨምሮበት ቢይዘውስ?

ቋጠሮ፦ ፌስቡክ ላይ አይችልም። ነጥብንና ትልቅ ፊደልን አይቆጥራቸውም፤ ነጥብ ያለውም የሌለውም አንድ ቦታ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ባነር ላይ ለማንበብ እንዲመች ነጥብ ብታስገቢበት ችግር የለውም። ኢንስታግራም ላይ ግን ነጥቧ ትቆጠራለች። አስመሳዮች ስምሽን ወስደው መጨረሻ ላይ የታች ሰረዝ ይጨምሩና ከደንበኛሽ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ኤክስና ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሌላው ዘዴ ትንሿን ኤል በትልቁ አይ መተካት ነው፤ በብዙ ስልክ ላይ በዓይን አይለይም። ቢያንስ ቀላሎቹን ልዩነቶች ራስሽ ያዣቸው።

ሰናይት ነኝ፦ ሰላም፣ የፔጄ ሊንክ ችግር አለው። ምን ላድርግ?

ቋጠሮ፦ ምን ችግር? የትኛው ፔጅ? ምን ይላል? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

አታሚው፦ እኔ የማተሚያ ሥራ ላይ ነኝ። ደንበኞች ኪውአር ኮድ ያሳትሙና ቆይተው ዩዘርኔም ይቀይራሉ። ከዚያ «ኮዱ ተበላሸ» ብለው እኛ ላይ ይመጣሉ። ምን ልበላቸው?

ቋጠሮ፦ ወንድሜ፣ እኔ እዚህ የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው። ኪውአር ኮድ ሌላ ምንም አይደለም፤ ሊንኩ ራሱ በጥቁርና በነጭ ካሬ ተጽፎ ነው። ዩዘርኔም ሲቀየር የታተመው ኮድ አብሮ አይቀየርም። አሮጌው አድራሻ አይሠራም ብላችሁ ተነሱ። አንዳንዱ ለጥቂት ጊዜ ያደርሳል፤ ዩቲዩብ አሮጌውን ስም 14 ቀን ያቆይላችኋል፣ ኢንስታግራምም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ቴሌግራም ላይ ሲሆን ይብሳል። የቻናሉን ስም ስትቀይሩ ከዚህ በፊት ያጋራችኋቸው የልጥፍ ሊንኮች ሁሉ አብረው ይሞታሉ። የፌስቡክ ሜሴንጀር አጭር ሊንክም በዩዘርኔሙ ላይ የቆመ ስለሆነ አብሮ ይሄዳል።

መፍትሔው የራሳችሁን ዶሜይን፣ ማለትም በስማችሁ የተመዘገበ የኢንተርኔት አድራሻ፣ መግዛት ነው። ዌብሳይት ሥሩ አላልኩም። ዶሜይን ብቻ። የሚሸጡት ድርጅቶች አብዛኛዎቹ ወደ ሌላ አድራሻ የማስተላለፍ አገልግሎት አብረው ይሰጣሉ። ባነሩ፣ ካርዱ፣ ስቲከሩ ላይ የሚታተመው የናንተው አድራሻ ይሁን፤ ከጀርባ ወደ ፌስቡክ ፔጁ ይጠቁም። ነገ ዩዘርኔም ብትቀይሩ፣ ፔጁ ቢዘጋ፣ ወደ ቲክቶክ ብትዞሩ የሚቀየረው ጠቋሚው ብቻ ነው። የታተመው እንደታተመ ይኖራል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ማስተላለፊያው ቋሚ ወይስ ጊዜያዊ ብሎ ይጠይቃችኋል። ቋሚው 301፣ ጊዜያዊው 302 ይባላል። ጊዜያዊውን ምረጡ። ቋሚውን ብራውዘር ያስታውሰዋል፤ እናንተ ጠቋሚውን ብትቀይሩም የደንበኛው ስልክ ወደ አሮጌው ቦታ ሊወስደው ይችላል። ሌላው፣ አድራሻውን ከፊቱ ኤችቲቲፒኤስ (https) አድርጋችሁ ከፍታችሁ ሞክሩ፤ ደኅንነቱ የተጠበቀው መንገድ እሱ ነው። አንዳንዱ ማስተላለፊያ ያለ ኤስ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ያን ጊዜ ደንበኛው ቀይ ማስጠንቀቂያ አይቶ ይመለሳል።

አታሚው፣ አንተ ደግሞ ከማተምህ በፊት በትክክለኛው መጠን አንድ ወረቀት ላይ አውጣና ከርቀት አስነብበው። ሊንኩ ባጠረ ቁጥር ካሬዎቹ ይተልቃሉ፤ ከሩቅም ይነበባል። በቁጥር የተሞላው ረጅሙ ሊንክ ግን ጥቅጥቅ ይልና በርካሽ ስልክ አልነበብም ይላል።

ቀለሜ፦ በነፃ ኪውአር የሚሠሩትን መጠቀምስ? ኋላም መቀየር ይቻላል ይላሉ።

ቋጠሮ፦ የሚቀየረው የነሱ ሊንክ በመሃል ስላለ ነው። ብዙዎቹ የሙከራ ጊዜ ሲያልቅ ክፈል ይላሉ፤ ካልከፈልክ ኮዱ ይቆማል። ማሳጠሪያ ሊንክም እንዲሁ። ጎግል ራሱ ማሳጠሪያውን እ.ኤ.አ. በ2019 ለአዲስ ሊንክ ዘጋው፤ በ2025 ደግሞ ብዙ ያልተነኩ አሮጌ ሊንኮችን አቆመ። ጎግል ከተወው ሌላው ምን ያህል ይቆያል?

ሰሌዳ፦ ይቅርታ ግን በዚህ ዘመን ዶሜይን መግዛት ብክነት ነው። ደንበኛው ያለው ቲክቶክ ላይ ነው።

ዳር ተመልካች፦ ቲክቶክ ላይ ያለውን ደንበኛ ውሰደው አላለህም እኮ። ጠቁምበት ነው ያለህ።

ሰሌዳ፦ ያው ነው። ሰው አድራሻ አይጽፍም፤ ስም ፈልጎ ነው የሚገባው።

ዳር ተመልካች፦ ስም ፈልጎ ሲገባ ሦስት አስመሳይ ያገኛል። ስለ አስመሳይ አሁን ነው የተነገረህ።

ብርሌ፦ ፌስቡክ ራሱ ኤፍቢ ነጥብ ኮምን ከአሜሪካ የገበሬዎች ማኅበር በ8.5 ሚሊዮን ዶላር እንደገዛው ታውቃላችሁ? ለሁለት ፊደል!

ሰሌዳ፦ እነሱ አላቸዋ።

ዳር ተመልካች፦ አንተን 8 ሚሊዮን ማን ጠየቀህ?

ቋጠሮ፦ በቃ፣ በቃ። የብርሌ ወሬ አንድ ጥቅም አለው፤ ፌስቡክ የሚለውን ሙሉ ቃል ትታችሁ ኤፍቢ ነጥብ ኮም፣ እዝባር (/)፣ ዩዘርኔም ብላችሁ ብታትሙ ያደርሳል። ቦታ ለጠበበው ካርድ ይበጃል። ሰሌዳ፣ ያልከው ሁሉ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ያተምከው ባነር ስም ፈልጎ አይገባም። ቀጥሉ።

ጥላዬ፦ ጋሽ ቋጠሮ፣ እንደምን አሉ። እኛ የምንፈልገውን ስም አንድ የሞተ ፔጅ ይዞታል። ከተለጠፈበት ዓመታት አልፈዋል። ልናስለቅቀው እንችላለን?

ቋጠሮ፦ እንደምን አለህ። የንግድ ምልክት ካስመዘገባችሁ ፌስቡክም ኢንስታግራምም የአቤቱታ ቅጽ አላቸው፤ የምዝገባ ማስረጃውን አያይዛችሁ ሙሉ። ካላስመዘገባችሁ ሌላ ስም ፈልጉ። ፔጁ ስለሞተ ብቻ አንሥተው አይሰጧችሁም።

ብርሌ፦ ስሙን ከያዘው ሰው ብንገዛውስ?

ቋጠሮ፦ አትግዙ። ገንዘቡን ተቀብሎ ሲለቀው መሃል ላይ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ደግሞ የስም ንግድ ክልክል ነው፤ የገዛችሁትን ሊነጥቋችሁ ይችላሉ። ደግሜ እላለሁ፣ ለደላላ የይለፍ ቃል አትስጡ።

ዳር ተመልካች፦ ቴሌግራም ግን ከ2022 ጀምሮ ራሱ በጨረታ እንዲሸጥ ፈቅዷል።

ቋጠሮ፦ ልክ ነህ፤ በክሪፕቶ ነው የሚሸጠው። ከፌስቡክና ከኢንስታግራም የሚለየው በዚህ ነው። ለሱቅ የሚያስፈልግ ነገር ግን አይደለም።

ሰሌዳ፦ እሺ፣ ስሜን በደንብ ያዝኩት እንበል። ከዚያ በኋላ የኔ አይደል? ምን ያሰጋኛል?

ቋጠሮ፦ ያንተ አይደለም። በ2023 ትዊተር ስሙን ኤክስ ሲያደርግ «ኤክስ» የሚለውን ስም ለብዙ ዓመት ይዞት የነበረውን ሰው አካውንት ወሰዱበት። ገንዘብ አልከፈሉትም። በ2021 ደግሞ ፌስቡክ ራሱን ሜታ ብሎ ከሰየመ በኋላ «ሜታቨርስ» በሚል ስም ኢንስታግራም ላይ የነበረች አርቲስት አካውንቷ ተዘጋባት። ጋዜጣ ኩባንያውን ከጠየቀ በኋላ ነው የተመለሰላት። አንተ ጋዜጣ ይጠይቅልሃል? ለዚህ ነው ዶሜይን ዶሜይን የምለው።

ሕሊና፦ ትናንት በሜሴንጀር «የፔጅዎ ዩዘርኔም ሕግ ስለጣሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰረዛል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል መጣልኝ። የሜታ አርማ አለው።

ቋጠሮ፦ ሌባ ነው። አርማ ማንም ይለጥፋል። እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ካለ ፔጅሽ ውስጥ፣ የፔጅ ሁኔታ የሚለው ቦታ ላይ ታገኚዋለሽ፤ በመልእክት በተላከ ሊንክ አይደለም። ተጭነሽ የይለፍ ቃል ካስገባሽ አሁኑኑ ቀይሪ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሪ፣ አዲስ አድሚን እንዳልገባም ተመልከቺ።

ጌች፦ ተከታይ እንዴት ነው የማበዛው?

ቋጠሮ፦ አልመልስም ብያለሁ።

ጥላዬ፦ ዋትሳፕ ላይስ?

ቋጠሮ፦ ዋ ነጥብ ሚ (wa.me)፣ እዝባር፣ ከዚያ ስልክ ቁጥር ከነ አገር መለያው። የመደመር ምልክትና ዜሮ ከፊት አታስገባ። ያ ነው።

ናቲ፦ የፔጄን ሊንክ በስሜ ማድረግ እፈልጋለሁ። እንዴት ነው የማደርገው?

ቋጠሮ፦ ኧረ ናቲ! የመጀመሪያው መልስ ላይ አለ።

ናቲ፦ አየሁት፤ ግን ቲክቶክ ነው የኔ።

ቋጠሮ፦ እንደዚያ በለኛ። ፕሮፋይል አስተካክል የሚለው ውስጥ ገብተህ ዩዘርኔም ቀይር። በ30 ቀን አንዴ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ ሆሄውን ሁለት ጊዜ አንብበህ አስቀምጥ።

አታሚው፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ዶሜይኑን ማን ይግዛው? ደንበኞቼ አንተው ግዛልን ይሉኛል።

ቋጠሮ፦ አንተ በስምህ አትግዛላቸው። ነገ ብትጣሉ ወይም ሥራ ብትቀይር አድራሻቸው ካንተ ጋር ይቀራል። አብረሃቸው ቁጭ በል፤ በድርጅቱ ኢሜይል ይመዝገቡ፣ በራሳቸው ካርድ ይክፈሉ፣ በየዓመቱ በራሱ እንዲታደስ የሚለውን ያብሩ። ኢሜይሉ የሄደ ሠራተኛ የግል ኢሜይል አይሁን፤ የእድሳቱ ማሳሰቢያ ወደዚያ ሄዶ ማንም ሳያየው ዶሜይኑ ይወድቃል። አሁን ሥራ ልግባ። ሰናይት፣ ምን እንደሚል ከጻፍሽልኝ ማታ አያለሁ።