ስታዲየም ላልገባችው ልጅ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ስታዲየም ገብቼ አላውቅም። ስለ ክለቤ ሳወራ ልጆቹ ካታንጋ (የአዲስ አበባ ስታዲየም አንዱ የደጋፊ ቦታ) ቆመሽ ታውቂያለሽ? ይሉኛል። እኔ ደጋፊ አይደለሁም?» ትላለች። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን ይገጥማሉ። በመጀመሪያው ጨዋታ ሱዳን፣ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈናል። ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ጠብቀናል። ሰዉ ለትኬት ተሰልፎ አድሯል። እኔ ጋዜጠኛ ስለነበርኩ ባጄን አሳይቼ ሰተት ብዬ ገባሁ።

በሩ አካባቢ ሁልጊዜ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ነበረች። የለየላት የቡና ክለብ ደጋፊ ናት። የዚያን ቀን ግን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማለች። ትኬቱን ብትገዛ እንኳ ቆሎውን ማን ይጠብቅላታል? የልጆቿ እራት እኮ ነው። 2 ለ 0 አሸንፈን፣ አልፈን ስንወጣ ግን ጨዋታውን ለእኔው ተረከችልኝ። «አንዱን ጎል አዳነ ግርማ፣ አንዱን ሳላዲን፤ አይደል?» አለችኝ። በምን አወቅሽ ብላት፣ «የሳቱት ኳስ ጩኸቱ ቶሎ ይወድቃል፤ የገባው አይወድቅም። ስሙን ደግሞ ሰዉ ይጠራዋል» አለችኝ። እንባዋ ይወርድ ነበር።

አባቴም የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ጨዋታ፣ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፍንበትን፣ ውጭ ቆሞ ነው የሰማው። እስኪሞት ድረስ አይቶት እንደነበር አድርጎ ያወራው ነበር።

ሱዳንን ባሸነፍንበት ምሽት ማይክ የተሰጠው ውስጥ ለነበረው ደጋፊ ነው። የቆሎ ሻጯን ድምፅ ማንም አልቀረጸውም። በኋላ ስታዲየሙ ለእድሳት ሲዘጋ ገበያዋም አብሮ ተዘጋ። የት እንደደረሰች አላውቅም። ይሄ ያንገበግበኛል።

የዛሬ ልጆች ፍቅርን በማልያ ዋጋ ትለካላችሁ። የአርሰናልን ተቀያሪ ሁሉ በቃላችሁ ታውቃላችሁ፤ የሰፈራችሁን ክለብ በረኛ ግን አታውቁትም። ስታዲየሙ ራሱ በኪስ የተከፋፈለ ነበር። ገንዘብ ያለው ጥላ ፎቅ ይቀመጣል። የሌለው ሚስማር ተራ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል። ሴት ልጅ ደግሞ ትኬት ብትቆርጥም ስድቡና የምሽቱ ታክሲ ያሳስባታል። ዲኤስቲቪ ቤትም ቢሆን ወንዶች ሞልተውት መቀመጫ አታገኝም።

አልዋሽም፣ ሚስማር ተራ በዝናብ የበሰበሰ ደጋፊን ዛሬም ከሌላው አስበልጬ ነው የማየው። ያደግኩበት ነገር ነውና ከውስጤ አይወጣም። ግን ያቺን ሴትዮ የሚበልጥ ሰው አጥቻለሁ።

አንቺ ልጄ፣ ስለ ክለብሽ ማውራቱን እንዳትተዪ። ልጆቹ ደግሞ ካታንጋን ሲያነሱብሽ ጠይቂያቸው። የመጀመሪያውን ትኬት ማን ገዛላቸው? ያን ቀን እቤት ሥራውን ማን ሠራ? እህት ካላቸው፣ እሷን አንድ ቀን ይዘዋት ገብተው ያውቃሉ?