አርባ አንባቢ ላለው ጦማር መድከም

ሰላም እህቴ። «ከአርባ ሰው በላይ ለማያነበው ጦማር መድከም ምን ዋጋ አለው? ከጀመርኩስ ብሎግ ይሻለኛል ቴሌግራም?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ዋጋው አንባቢዎችሽን በስም ማወቅሽ ነው። ስለ እናትሽ ሽሮ ስትጽፊ «ሽሮ ማለት...» ብለሽ መጀመር የለብሽም። በቀጥታ ሽምብራው ምን ያህል እንደሚታመስ፣ ኮረሪማውና በሶብላው መቼ እንደሚገባ ትጽፊያለሽ። ለሁሉም ሰው የተጻፈ ጽሑፍ እዚህ ዝርዝር ላይ ሳይደርስ ያልቃል። በዚያ ላይ አክስትሽ አንብባ «ኮረሪማው እንኳ አብሮ ነው የሚፈጨው» ብላ ታርምሻለች፤ ጽሑፉም ይሻሻላል።

ቴሌግራም ወይስ ብሎግ ላልሽው፣ ሁለቱንም ያዢ። ቴሌግራም ሰው ስልክ ላይ በራሱ ይደርሳል፤ ግን አንድ መልእክት ከ4,096 ፊደል አያልፍም፣ ፎቶ ሥር ደግሞ ሳትከፍዪ 1,024 ብቻ ነው። የቆየው ጽሑፍም ወደ ላይ ሄዶ ይቀበራል። ስለዚህ ሙሉውን ብሎገር (የጉግል ብሎግ ማውጫ) ላይ አውጪና ሊንኩን ከሁለት መስመር ማስተዋወቂያ ጋር ቻናልሽ ላይ ለጥፊ። ብሎገር ነጻ ነው። የራስሽን ዶሜን (የድረ ገጽ ስም) ለመግዛት አትቸኩዪ፤ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜም በውጭ ምንዛሪ፣ መታደስ አለበት፣ አንድ ዓመት ካለፈሽ አድራሻው ይሞታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሊንኩ ላይ ነው። ርእስሽ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ብሎገር ፊደላችንን ይጥልና ለጽሑፍሽ ትርጉም የሌለው አድራሻ ይሰጠዋል። ሌላው የብሎግ ማውጫ ወርድፕረስ ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል ወደ 9 ምልክት ይቀይራል። «የእናቴ ሽሮ» ስድስት ፊደል ብቻ ነው፤ ሊንኩ ላይ ግን 54 ምልክት ይሆናል። መፍትሔው ጽሑፉን ከማውጣትሽ በፊት ፐርማሊንክ (የጽሑፉ አድራሻ) የሚለው ቦታ ገብተሽ ርእሱን በላቲን ፊደል አሳጥሮ መጻፍ ነው።

ፊደልም ምረጪ። አንዴ «ፀሐይ»፣ አንዴ «ጸሀይ» ካልሽ ፍለጋው አንዱን ሲያገኝ ሌላውን ያልፈዋል። አንዱን ያዢና እስከ መጨረሻው በሱ ጻፊ። ጽሑፉን ከግራ አስይዢው፤ ግራና ቀኝ እኩል ይሁን ካልሽ ቃሎቻችን ረጃጅም ስለሆኑ ስልክ ላይ መሀሉ ክፍተት በክፍተት ይሆናል። ፎቶም ከስልክ እንደወጣ አትጫኚ፤ ወርዱን ወደ 1,200 ፒክስል አውርጂው። ዳታ ቆጥቦ የሚያነብ ሰው አለ።

በወር ሁለት ጽሑፍ ይበቃል።

ትልቁ አደጋ ቁጥሩ ነው። የቴሌግራም የእይታ ቁጥር ፎርዋርድ የተደረገውንም ይቆጥራል፤ አንድ ትልቅ ቻናል ካጋራልሽ 900 ልታዪ ትችያለሽ። በሚቀጥለው ሳምንት ለማታውቂያቸው ሰዎች መጻፍ ትጀምሪያለሽ፣ «ሽሮ ማለት...» ይመጣል፣ አርባዎቹም ዝም ይላሉ። ብዙ ጥሩ ጦማር የሚሞተው እዚህ ነው፤ እባክሽ ቁጥሩን ትተሽ ማን መልስ እንደጻፈልሽ ተመልከቺ።

ሌላው የሰው ጉዳይ ነው። አርባ ሰው በሚተዋወቅበት ቦታ «አንዲት ጎረቤቴ» ማለት አይሸፍንም፤ ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ከማውጣትሽ በፊት አስነብቢያትና ፈቃዷን ጠይቂ።

በየሦስት ወሩ ቅጂ አስቀምጪ። ብሎገር ሴቲንግ ውስጥ የጽሑፍሽን ቅጂ ማውረድ ይቻላል፤ ፎቶዎቹን ግን ለብቻ አስቀምጫቸው። የቴሌግራሙን ቻናል ከኮምፒውተር ላይ ኤክስፖርት ማድረግ ይቻላል።