በወርድ ላይ ታይኛ ሲጻፍ፦ ለዓይን ትክክል የሚመስለው ስህተት

ሰላም እህታችን። ጥያቄዎን እንደተረዳሁት፣ ከባንኮክ ሆስፒታል የመጣ የሕክምና ሰነድ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን በማይክሮሶፍት ወርድ እያዘጋጁ ነው። ታይኛውን ከፒዲኤፍ ሲገለብጡት ምልክቶቹ ከቦታቸው ይሸሻሉ፤ ቃላት መስመር መጨረሻ ላይ ከመሃል ይቆረጣሉ፤ በእጅዎ የጻፉት የሐኪሙ ስም ደግሞ ትክክል መስሎ እየታየ ሲፈለግ አይገኝም። እኔ ባንኮክ ውስጥ ለሕክምና ለሚመጡ ወገኖቻችን ሰነድ በመተርጎም ስለምተዳደር ሦስቱንም ችግሮች አውቃቸዋለሁ። የማይገኘው ስም ከሁሉም የከፋ ስለሆነ በእሱ ልጀምር። የተቆረጠን መስመር ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ይህኛውን ግን ማንም አያየውም።

እሱን ለመረዳት ግን በመጀመሪያ ኪቦርዱን ማወቅ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ታይኛን ሲጭኑለት ኬድማኒና ፓታቾት የሚባሉ ሁለት አደራደሮችን ያቀርብልዎታል። ኬድማኒን ይምረጡ፤ እዚህ በሚሸጡ ኪቦርዶች ላይ የሚታተመው እሱ ነው፤ እኔም ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁልፎች በሙሉ የእሱ ናቸው።

አማርኛ በድምፅ ስንተይብ ተናባቢውን አስቀድመን አናባቢውን እናስከትላለን፤ ጣታችን ይህን ለምዷል። ታይኛ ግን የሚጻፈው እንደሚሰማው ሳይሆን እንደሚታየው ነው። ከተናባቢው በስተግራ የሚቆሙ 5 አናባቢዎች አሉ፤ ሲነበቡ ከተናባቢው በኋላ ቢሰሙም ሲጻፉ ግን ይቀድማሉ። «ታይ» የሚለውን የአገሩን ስም ለመጻፍ የደብሊው፣ የኤም እና የፒ ቁልፎችን በዚህ ቅደም ተከተል ይጫኑ። የመጀመሪያው አናባቢው ነው፤ «ት» የምትመጣው ከእሱ በኋላ ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚመዘግቡበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ይህን ቅደም ተከተል የወሰደው ከታይላንድ የራሷ የኮምፒውተር ደረጃ ስለሆነ በወርድም በሌላውም ፕሮግራም ያው ነው።

ከፊደሉ በላይና በታች ለሚቀመጡት ደግሞ ሥርዓቱ ተናባቢ፣ አናባቢ፣ በመጨረሻ የቃና ምልክት (የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳየው) ነው። «ቲ» ተብሎ የሚነበበውን፣ በየሰነዱ የሚያጋጥምዎትን ቃል ይሞክሩት፦ ኤም፣ ዩ፣ ጄ። የመጨረሻው የቃና ምልክቱ ነው። ዩ እና ጄን ካቀያየሩ ምልክቶቹ ይደራረባሉ፣ ወይም በነጠብጣብ የተሠራ ባዶ ክብ ይወጣል። ለዚህ ሥርዓት አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። «ሳራ አም» የሚባለው አናባቢ ከላይ ትንሽ ክብ፣ በስተቀኝ ደግሞ ጅራት አለው፤ ግን አንድ ፊደል ነው፤ የቃና ምልክቱም ከእሱ በፊት ይገባል። ውሃ ማለት የሆነውን «ናም» ለመጻፍ ኦ፣ ኤች፣ ኢ ይጫናሉ፤ ኤች የቃና ምልክቱ ነው።

አሁን ወደ ጠፋው ስም እንመለስ። ሳራ አምን ክቡንና ጅራቱን ለየብቻ በመጻፍ ማስመሰል ይቻላል። እንደዚሁም በሲ ቁልፍ ላይ ያለውን ባለ ሁለት ዘንግ አናባቢ፣ በጂ ቁልፍ ላይ ያለውን ባለ አንድ ዘንግ አናባቢ ሁለት ጊዜ በመጫን ማስመሰል ይቻላል። ወረቀት ላይ ልዩነታቸውን የሚያይ ዓይን የለም። ኮምፒውተሩ ግን ሌላ ቃል አድርጎ ስለሚቆጥረው የፍለጋውም የፊደል ማረሚያውም ሥራ ይበላሻል። ስሙ እንዲህ የተጻፈ ታካሚ ፋይሉ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ «የለም» ሊባል ይችላል፤ ስለዚህ ነው ይህን ነገር ደጋግሜ የምናገረው።

መለያው ቀላል ነው። ጠቋሚውን ከፊደሉ ቀጥሎ አቁመው ባክስፔስን አንድ ጊዜ ይጫኑ። ሁለቱም ዘንግ አብሮ ከጠፋ ትክክል ነው፤ አንዱ ከቀረ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ነበሩ። ሳራ አምም እንዲሁ ነው፦ ጅራቱ ጠፍቶ ክቡ ከቀረ ስሙን አጥፍተው እንደ አዲስ ይጻፉት። ለረጅም ሰነድ መፈለጊያና መተኪያውን ይክፈቱና በመፈለጊያው ሳጥን ጂን ሁለት ጊዜ፣ በመተኪያው ሲን አንድ ጊዜ አስገብተው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ።

ከኢንተር አጠገብ ካለው፣ ያዘመመ መስመር ከተሳለበት ቁልፍም ይጠንቀቁ። በእሱ ላይ ያሉት ሁለት ተናባቢዎች ዛሬ ማንም የማይጽፍባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1892 ኤድዊን ማክፋርላንድ የመጀመሪያውን የታይኛ የጽሕፈት መኪና ሲያሠራ 44ቱን ተናባቢዎች በሙሉ የሚያስገባበት ቦታ አጥሮት ሁለቱን ተዋቸው፤ እነሱም ቀስ በቀስ ከጽሑፍ ወጡ። ኮምፒውተር መልሶ አስገብቷቸዋል፤ በሥራ ላይ ካሉት ሁለት ፊደላት ጋር በጣም ስለሚመሳሰሉ ጣት ከሳተ ያው የማይገኝ ስም ይፈጠራል።

ወርድ ራሱ የተወሰነ ጥበቃ ያደርግልዎታል። ታይኛ ከተጫነ በኋላ በፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ የፊደላትን ቅደም ተከተል የሚቆጣጠር «ዩዝ ሲኩዌንስ ቼኪንግ» የሚል ምርጫ አለ፤ ምልክት ያድርጉበት። ከተሳሳተ ቅደም ተከተል ያድንዎታል፤ ከተመሳሳይ ፊደላት ግን አያድንዎትም።

ፒዲኤፉን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ስምና የመድኃኒት መጠን ያለበትን ነገር አይገልብጡ። ፒዲኤፍ የሚጠብቀው የገጹን መልክ ነው። ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ ሳራ አም ለሁለት ይሰበራል፣ ክቡም በባዶ ቦታ ይተካል፤ የቃና ምልክትም ይጠፋል፤ ቃና የጠፋበት ቃል ደግሞ ሌላ ቃል ሊሆን ይችላል። እንደገና ይጻፉትና ታይኛ የሚያነብ ሰው ከዋናው ጋር ያመሳክርልዎት።

የመስመሩ መቆረጥ ምክንያቱ ሌላ ነው። አባቶቻችን በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ያደርጉ ነበር፤ ታይኛ ምንም አያደርግም። ባዶ ቦታ የሚገባው በሐረግ ወይም በዓረፍተ ነገር መካከል ነው። ወርድ ቃሉ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው ከመዝገበ ቃላት ነውና ታይኛውን መርጠው ቋንቋው ታይኛ መሆኑን በሪቪው ሥር ይንገሩት። ታይላንዳውያን የሚጠቅሱት ምሳሌ አለ፦ ያው የፊደል ተርታ «ታ ክሎም» ተብሎ ሲከፈል ክብ ዓይን፣ «ታክ ሎም» ሲባል ነፋስ መቀበል ይሆናል። የሰው ስም፣ በተለይ በታይ ፊደል የተጻፈ የእኛ ስም፣ በመዝገበ ቃላቱ ስለሌለ መሃሉ ይቆረጣል። ያን ጊዜ ኢንተር ወይም ባዶ ቦታ አይጨምሩ፤ ባዶ ቦታ ዓረፍተ ነገሩን ይከፍለዋል። ከኢንሰርት፣ ሲምቦል፣ ልዩ ምልክቶች ውስጥ «ኖ ዊድዝ ኦፕሽናል ብሬክ» የሚለውን፣ መስመሩ ሊሰበርበት በሚፈልጉት ቦታ ያስገቡ። አይታይም፣ ቦታም አይወስድም። ሊብሬኦፊስ በሚባለው ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራምም ተመሳሳይ ምልክት አለ።

ስለ ፎንት፦ ለአማርኛ የምንጠቀምበት ኒያላ የታይ ፊደል የለውም፤ ወርድም ለታይኛ ሌላ ፎንት ይይዛል። በፎንት መስኮቱ ውስጥ «ኮምፕሌክስ ስክሪፕትስ» ከሚለው ሥር ሳራቡንን ይምረጡ። የታይላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 መሥሪያ ቤቶቹ እንዲጠቀሙባቸው ከወሰናቸው 13 ነፃ ፎንቶች አንዱ ነው፤ ለመንግሥት ደብዳቤ 16 ነጥብ ይለመዳል። ብዙ አይምሰልዎት፤ ፊደሉ ደቃቃ ስለሆነ ከ12 ነጥብ አማርኛ ጋር ይመጣጠናል። የመስመር ርቀቱን «ኤግዛክትሊ» ላይ ካደረጉት ከላይ የተደረበው የቃና ምልክት ሊቆረጥ ስለሚችል «አት ሊስት» ይሻላል።

ቀኖቹ በታይ አኃዝ ሊጻፉ ይችላሉ፤ ዓመቱም በቡድሃ አቆጣጠር ነው። 2567 ማለት እ.ኤ.አ. 2024 ነው፤ 543 ይቀንሱ። ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለውጡት ከዚያ በኋላ ነው።

የሐኪሙን ስም ብቻ፣ የታካሚውን መረጃ ሸፍነው፣ በፎቶ ቢለጥፉት የትኛው ቁልፍ ከየትኛው በኋላ እንደሚጫን በቅደም ተከተል እጽፍልዎታለሁ።