ፖዮ፣ ዊሊያምስና ድዋርፍ ካቨንዲሽ መቀላቀል ከበሽታ ያድናል ወይ?

«አርባ ምንጭ አካባቢ አንድ ሄክታር ሙዝ ልተክል ነው። ሙዝ ዘር ስለሌለው ሁሉም አንድ ነው፣ በሽታ ከገባ ጠቅላላው ያልቃል አሉኝ። ፖዮ፣ ዊሊያምስና ድዋርፍ ካቨንዲሽ ቀላቅዬ ብተክልስ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ እኔም እዚያው አካባቢ ሙዝ ስለማመርት የማውቀውን ልበልህ።

የነገሩህ እውነት ነው። ግን ጥፋቱን ሁሉ ዘር ማጣቱ ላይ አትጣል። ገበያ ላይ ያለው ሙዝ ክሮሞዞሙ (የዘር መረጃ የሚይዘው ክር) በሦስት በሦስት ስለሆነ ዘር አይቋጥርም። ይሄ በተፈጥሮ የመጣ ነው፣ ላብራቶሪ አልሠራውም። ጣጣው ከእናቱ ሥር ነቅለን የምንተክለው ቡቃያ ቁርጥ እናቱን መሆኑ ነው። እሷን የጣለ በሽታ ሌላውንም አይምርም።

አሁን ወደ መቀላቀሉ። የጠቀስካቸው ሦስቱም ካቨንዲሽ የሚባል የአንድ ሙዝ ወገን ናቸው። በቁመት ይለያያሉ፣ አንዱ ንፋስ ይችላል፣ ሌላው ትልቅ ዘለላ ይሰጣል። በሽታ ለሚያመጣው ፈንገስ ግን ያው አንድ ናቸው። ስለዚህ ሦስት ስም ተከልክ እንጂ ሦስት ዝርያ አልተከልክም።

በላቲን አሜሪካ የደረሰውን እይ። እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ውጭ የሚላከው ሙዝ ግሮስ ሚሼል የሚባል ነበር። የፓናማ በሽታ የሚባለው የአፈር ፈንገስ እርሻውን እየተከተለ ጨረሰው። ኩባንያዎቹ ያንን ፈንገስ ወደሚቋቋመው ካቨንዲሽ ዞሩ። መልሰው አንድ ነገር ብቻ ተከሉ ማለት ነው! አሁን ቲአር4 የተባለው የዚያው ፈንገስ ዓይነት ካቨንዲሽንም ይገድላል። በ2013 ሞዛምቢክ፣ በ2019 ኮሎምቢያ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) መግባቱ ታውቋል። መድኃኒት የለውም፣ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል።

ምልክቱን ያዝ። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ከጠርዛቸው ቢጫ ይሆናሉ፣ ከዚያ ተሰብረው ግንዱ ላይ ይንጠለጠላሉ። ግንዱን ስትቆርጠው ውስጡ ቀይ ቡናማ ነው። ፍሬው ያለጊዜው ከበሰለና የተቆረጠው ግንድ ቢጫ ፈሳሽ ካወጣ ግን ጠርጥር፣ እሱ የእንሰት አጠውልግ ባክቴሪያ ነው። ሙዝንም ይይዛል።

እንሰትን ካነሳን ዘንድ፣ እሱም በቡቃያ ነው የሚባዛው። ሆኖም ዶርዜ ብትወጣ አንድ ጓሮ ውስጥ የየራሳቸው ስም ያላቸው ብዙ ዓይነቶች ታገኛለህ። ሁሉም እኩል አይታመሙም። የኛ ሙዝ ይሄ ነው የጎደለው። ደግሞ በገበሬው አልፈርድም፤ የአዲስ አበባ ነጋዴ ከካቨንዲሽ ውጭ ስታቀርብለት ዋጋ ይጥልብሃል።

ቲሹ ካልቸር (ላብራቶሪ ውስጥ የተባዛ) ችግኝ ማግኘት ከቻልክ ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ሆኖ ይጀምራል። በሽታ አይዘውም ማለት ግን አይደለም። የታመመ አፈር ላይ ከተተከለ እንደማንኛውም ይሞታል።

እኔ ብሆን ለገበያው ካቨንዲሽ እተክላለሁ፣ ግን ሄክታሩን በሙሉ አልሰጠውም። ከፊሉን ማንጎና በቆሎ አደርገዋለሁ። ከማላውቀው ማሳ ቡቃያ አልቀበልም። ገጀራዬን ከተክል ወደ ተክል ስሄድ በረኪና ውስጥ እነክራለሁ። ዘለላው ፍሬ ቋጥሮ ሲጨርስ ጫፉ ላይ የሚቀረውን ወንዴ እንቡጥ በባላ እንጨት ሰብሮ መጣል ነው፣ በቢላ አይደለም፤ ባክቴሪያውን ነፍሳት በእሱ በኩል ስለሚያስገቡት።

መሬቱን ገና ካልተዋዋልክ ደግሞ ውሃው በየት አልፎ እንደሚደርስህ ጠይቅ። የመስኖ ቦይ ከላይኛው ማሳ ፈንገሱን ይዞ ይወርዳል። ከላይ ያለውን ሰውዬ ሙዝ ዞረህ ሳታይ ቀብድ አትስጥ።